ሳሩ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ውሃው መውጫ ያግኝ

ጅማ ክረምቱን ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል። ማታ መውረድ የጀመረ ዝናብ ሲያወርደው ያድራል፤ ጠዋት በር ስትከፍቱ በረንዳ ላይ የተዋችሁት ሲሊፐር ሌላ ቦታ ደርሶ ታገኙታላችሁ። እኛ ቤት ግን ነገሩ ከሲሊፐር አልፎ ነበር። ውሃው በበሩ ሥር ገብቶ ሳሎኑን አልፎ፣ ምንጣፉን አርሶ፣ ጓዳ ድረስ ደርሷል። ያውም ግቢው አዲስ ኮብልስቶን በተነጠፈ በወሩ!

ድንጋዩ ሲነጠፍ ቆሜ አይቻለሁ። ያምር ነበር። ለዓይን ድልድል ያለ ነው። በኋላ ስንለካው ግን ከግቢው መሀል እስከ ቤቱ ግድግዳ ድረስ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቤቱ ያዘነብላል። 4 ሳንቲ ሜትር ማለት ሁለት ጣት ናት። ሁለት ጣት ናት ያንን ሁሉ ውሃ ሳሎን ያስገባችው። ድንጋዩን በሙሉ አንስተን፣ ከሥሩ ያለውን አፈር እንደገና ቆፍረን፣ እንደገና አነጠፍን። ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ተከፈለ።

ይሄን የምጽፈው ግቢ ሊያሠሩ ላሰቡ ሁሉ ነው። ሰው ግቢ ሲያስብ የሚታየው ሳሩ፣ አበባው፣ መብራቱ፣ ቡና የሚጠጣበት ጥላ ነው። እሱ ሁሉ ይደርሳል። መጀመሪያ መወሰን ያለበት የመሬቱ ከፍታ ነው፤ የቱ ጋ ከፍ ይበል፣ የቱ ጋ ዝቅ ይበል፣ ውሃው በየት ገብቶ በየት ይውጣ። ይሄ ከተስተካከለ ሌላው በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ ይሠራል። ይሄ ከተበላሸ ደግሞ ከላዩ ያስቀመጣችሁት ሁሉ ይነሳል።

መጀመሪያ ዝናቡ ላይ ውጡ

ዶማ ከመያዛችሁ በፊት ጃንጥላ ያዙ። በደንብ ሲዘንብ ወጥታችሁ ግቢውን ዙሩ። ውሃው ከየት ይመጣል? ከጎረቤት ነው፣ ከመንገድ ነው፣ ከጣሪያ ነው? የቱ ጋ ይቆማል? የቱ ጋ አፈር ይዞ ይሄዳል? የሚቆምበት ቦታ ላይ ችካል ምቱ። ዝናቡ ካለፈ በኋላም ምልክቱ አይጠፋም። ውሃ የሄደበት መስመር ላይ ደቃቅ አፈር ተጋድሞ ይቀራል። ግድግዳው ሥር ደግሞ ቀይ ጭቃ የተረጨበትን ከፍታ ታያላችሁ። የእኛ ግድግዳ ላይ ከጉልበት በላይ ደርሶ ነበር፤ ይሄ ማለት አሸንዳ የሌለው ጣሪያ ውሃውን በቀጥታ መሬቱ ላይ እየፈጠፈጠው ነው ማለት ነው።

ጅማ ራሷ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጂሬን በኩል ያለው ከፍ ይላል፣ ወደ ቦዬ ረግረግ ስትወርዱ ሜዳና እርጥብ ይሆናል፣ በመሀል የአዌቱ ወንዝ አለ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ኮረብታው ላይ መሠራቱ ለእይታ ብቻ አይመስለኝም፤ እዚያ ላይ የወረደ ዝናብ በየአቅጣጫው ይወርዳል እንጂ ግድግዳ ሥር ቆሞ አያድርም። እኛ ሁላችን ኮረብታ ላይ አንሠራም። ታች ያለ ሰው የላይኛውን ሰፈር ውሃ ጭምር ነው የሚቀበለው፤ ስለዚህ የግቢውን ብቻ ሳይሆን በላይ በኩል ያለውን አጥር ሥርም ይይ።

አፈሩንም እወቁት። ከፍ ያለው ሰፈር ላይ ያለው ቀይ አፈር ውሃ በደህና ያሳልፋል። ዝቅ ያለው በኩል ያለው ጥቁሩ አፈር፣ ኮቲቻ የሚባለው፣ ሌላ ነገር ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በጥር እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታዩበታላችሁ። ከወለልም ከኮብልስቶንም ሥር ይሄን አፈር ለሙሌት አታስገቡ። ገረጋንቲ አምጡ፣ ወይም ደህና ቀይ አፈር።

ልኬቱ

በዓይን አትለኩ። የእኔ 4 ሳንቲ ሜትር በዓይን አልታየችም። ውድ መሣሪያም አያስፈልግም። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ 15 ወይም 20 ሜትር ግዙ፣ ውሃ ሙሉበት። ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይቀር ተጠንቀቁ፤ አንዲት አረፋ ልኩን ታዛባለች። የቱቦው ሁለት ጫፍ የትም ይሁን የት፣ ውሃው ሁለቱም ጋ እኩል ከፍታ ላይ ነው የሚቆመው። ይኸው ነው መሣሪያው።

እኔ ይሄን የሠራሁት ከጎረቤት ልጅ ጋር ነው። እሱ አንዱን ጫፍ በሩ ጋ ይዞ፣ እኔ ሌላውን ይዤ ግቢውን ዞርኩ። መጀመሪያ ከወለሉ በላይ ልክ 1 ሜትር ላይ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አሰመርን። ከዚያ በየቦታው ችካል እየመታን፣ የዚያን መስመር ከፍታ በቱቦው ችካሉ ላይ እያመጣን፣ ከምልክቱ እስከ መሬቱ ያለውን በሜትር ለካን። ቁጥሩ በበዛ መጠን መሬቱ ዝቅ ያለ ነው።

የእኛን ላሳያችሁ፤ ድንጋዩና ከሥሩ ያለው አፈር ከተነሳ በኋላ የለካነው ነው። ከመስመሩ እስከ ወለሉ 100 ሳንቲ ሜትር ነው። ግድግዳው ሥር ያለው መሬት 130 ሆነ፣ ማለትም ወለሉ ከውጪው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ይሄ ጥሩ ነው። ከግድግዳው 3 ሜትር ርቀን ስንለካ 128 ሆነ። እዚህ ጋ ነው ችግሩ። ከቤቱ ስንርቅ መሬቱ መውረድ ሲገባው 2 ሳንቲ ሜትር ወጥቷል። የውጪ በሩ ጋ፣ ከግድግዳው 15 ሜትር ርቀት ላይ፣ 175 ነው። እንግዲህ መውጫ አለ ማለት ነው፤ መሀሉ ላይ ያለው ጉብታ ነው ውሃውን ወደኛ የሚመልሰው።

አሁን ሂሳቡ። ከቤቱ ዙሪያ ለመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች መሬቱ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት፣ ማለትም በየሜትሩ 5። ስለዚህ 3 ሜትር ላይ 145 መሆን ነበረበት፤ 128 የነበረውን 17 ሳንቲ ሜትር ቆርጠን አወረድነው። ከዚያ ወዲያ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከ3 ሜትር እስከ በሩ 12 ሜትር አለ፣ 12 ጊዜ 2 ማለት 24 ነው፣ 145 ላይ ሲደመር 169። በሩ ጋ ደግሞ 175 ስላለ 6 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ይወጣል! ይሄን ሂሳብ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ሠራተኛው ሲመጣ በቃል ሳይሆን በየችካሉ ላይ ምልክት አድርጋችሁ፣ ሲባጎ ወጥራችሁ አሳዩት። ሲባጎው እያለ ክርክር የለም።

ዝቅተኛውን 2 ሳንቲ ሜትር በሜትር ለኮብልስቶንም ለሳርም ያዙት። ከዚያ በታች ከሆነ የትም ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ ውሃ ትይዛለች። 2 ሳንቲ ሜትሯ ደግሞ ወንበር ቢቀመጥበትም አትታወቅም፣ ለዓይን ሜዳ ነው።

ግቢው ጠባብ ሆኖ፣ ወይም መሬቱ ከቤቱ በላይ በኩል የሚወጣ ሆኖ ይሄ ካልተቻለስ? ያኔ በቤቱና በተዳፋቱ መሀል ጥልቀት የሌለው ሰፋ ያለ ቦይ ታወጣላችሁ። ከቤቱ ወደ ቦዩ፣ ከተዳፋቱም ወደ ቦዩ፣ ቦዩ ራሱ ደግሞ በጎን በኩል ወደ ታች። ሳር ይልበስ፣ አፈሩን ይይዛል። ቁልቁል የሚወርድ ጠባብ ጉድጓድ አታድርጉት፤ በሁለት ክረምት ሸርሽሮ ገደል ያደርገዋል።

የጣሪያው ውሃ

ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ቆርቆሮ ላይ በአንድ ዶፍ 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 3,000 ሊትር ነው፤ በትልቁ የ200 ሊትር በርሜል 15 በርሜል። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፣ ያ ሁሉ ሲደመር ከአንድ ጣሪያ 150,000 ሊትር ይሆናል። ይሄን ሁሉ ግድግዳችሁ ሥር ነው የምታፈሱት? አሸንዳ አድርጉ። ቁልቁል የሚወርደውን ቱቦ ደግሞ ግድግዳው ሥር አትጨርሱት፤ ቢያንስ 2 ሜትር ወደ ውጪ አውጡት ወይም ወደ ቦዩ አስገቡት። ሮቶ ካላችሁ ይሙላበት፣ ነገር ግን ሮቶው ሞልቶ የሚፈሰውም የሚሄድበት ይኑረው። ሮቶ ጅማ ክረምት ላይ በአንድ ሌሊት ይሞላል።

የጭቃ ቤት ያላችሁ ይሄ በእጥፍ ይመለከታችኋል። እርጥብ ግድግዳ ሥር ምስጥ ይመጣል፤ ማገሩን ከውስጥ ሲበላው ከውጪ አይታይም። ግድግዳው ሥር ያለው አፈር ከወለሉ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ለአበባ መደብ ብላችሁ ግድግዳው ላይ አፈር አትከምሩ። ግድግዳ ላይ የተደገፈ የአበባ መደብ በየቤቱ አያለሁ፣ ባየሁ ቁጥር እሳቀቃለሁ።

ቁፋሮና ሙሌት

ጊዜው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። በመጋቢት ዝናቡ ይጀምራል፣ ከሰኔ በኋላ አፈር መንካት ጭቃ ማቡካት ነው።

መጀመሪያ የላይኛውን ጥቁር ለም አፈር፣ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን፣ ገፋችሁ ለብቻ ከምሩት። ሸራ አልብሱት። ይሄ አፈር ስንት ዓመት የወደቀ ቅጠል የሠራው ነው፤ ከሥር ካለው ጋር ከተደባለቀ ሳራችሁ ይቀጭጫል። ሥራው ሲያልቅ ከላይ መልሱት። የእኛ ሠራተኛ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ «ጋሼ ይሄን መኪና ላይ ልጫነው?» ሲለኝ ለጥቂት ነው የደረስኩት።

የተቆፈረ አፈር ይነፋል። 4 ሜትር ኪዩብ የቆፈራችሁት ሲከመር 5 ገደማ ይሆናል። ይሄን አስባችሁ ነው መኪና የምትቀጥሩት። ስትሞሉ ደግሞ አንዴ ደፍታችሁ አትልቀቁት። በ15 በ20 ሳንቲ ሜትር ደርብ እየደለደላችሁ፣ እየረጫችሁ፣ እየጠቀጠቃችሁ። እርጥበቱን በእጅ ማወቅ ይቻላል፦ እፍኝ አፈር ጨብጡ፣ ስትለቁት ድብልብል ሆኖ ከቆየ፣ ስትሰብሩት ለሁለት ከተከፈለ ልክ ነው። ከተበተነ ደርቋል፣ መዳፋችሁን ካረጠበ በዝቷል። ያልተጠቀጠቀ ሙሌት በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣል፤ የሚሰምጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ሥር ነው፣ ምክንያቱም መሠረት ሲቆፈር ወጥቶ እዚያው የተመለሰ አፈር ነው።

ዛፍ ካላችሁ ተጠንቀቁ። አቮካዶ ግንድ ላይ አፈር መከመር ዛፉን መግደል ነው። 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የሸክላ አፈር ሥሩን ከአየር ለመከልከል ሊበቃ ይችላል። ከቅርንጫፎቹ ጥላ ሥር ያለውን መሬት እንዳለ ተዉት፤ ከፍታው መለወጥ ካለበት ከጥላው ውጪ ይለወጥ። አዲስ አቮካዶ ስትተክሉ ደግሞ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጉብታ ላይ ትከሉ፣ ሥሩ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ቡናም ውሃ የሚቆምበት ቦታ አይወድም። ዝቅ ብሎ የሚረጥበውን ጥግ ለጎደሬና ለሸንኮራ ተዉላቸው፣ እነሱ ይወዱታል።

የድጋፍ ግንብ

ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ ሦስት ምርጫ አለ። በየ3 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ ተዳፋት ሳር ይይዛል፣ ሰውም ይራመድበታል። በየ2 ሜትሩ 1 የሚወርደው ሥር የሚሰድ ተክል ይፈልጋል። ከዚያ የቆመ ከሆነ ግንብ ያስፈልጋል።

ሰፈራችን ውስጥ በአንድ ነሐሴ ሌሊት የወደቀ ግንብ አለ። ድምፁን ሰማነው፤ መኪና የተገለበጠ ነበር የመሰለን። ጠዋት ሄደን ስናየው ግንቡ ወፍራም ነው፣ ድንጋዩም ሲሚንቶውም ደህና ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፦ ውሃ መውጫ። አንድም ቀዳዳ አልነበረውም። ከጀርባው ያለው አፈር ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲከብድ ገፋው። ያን ቀን እዚያ ልጆች ባለመኖራቸው እግዚአብሔር ይመስገን ነው የምለው።

ስለዚህ ግንብ ስታሠሩ እላዩ ላይ ቆማችሁ ተከታተሉ። ከግንቡ ሥር፣ በየ1 ሜትር ተኩል ወይም 2 ሜትሩ፣ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፒቪሲ ቱቦ ይውጣ፣ ትንሽ ወደ ውጪ ያዘንብል። ከጀርባው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ይሞላ፤ ቁፋሮ የወጣውን አፈር መልሰው ሊከቱበት ሲሉ አስቁሟቸው። ግንቡ ራሱ ወደ አፈሩ ትንሽ ጋደል ይበል። ያለ ሲሚንቶ የተካበ ደረቅ ድንጋይ ከ1 ሜትር በታች ላለ ከፍታ በጣም ጥሩ ነው፣ ውሃው በየስንጥቁ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገበው የኮንሶ እርከን ከትውልድ ትውልድ እየተጠገነ የቆመው በእንዲህ ያለ ድንጋይ ነው፤ አባቶቻችን ይሄን ያውቁት ነበር። ከ1.2 ሜትር በላይ ከሆነ ግን ኢንጂነር ይይላችሁ፣ እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ወይ ደግሞ አንድ ረጅም ግንብ በመሥራት ፈንታ ሁለት አጫጭር አድርጉት። በመሀላቸው ያለው ስፋት ከታችኛው ግንብ ከፍታ እጥፍ ያህል ይሁን፣ እዚያ ላይ ቡና ትተክላላችሁ። ለእኔ ከረጅሙ ግንብ ይልቅ ይሄ ያምራል።

ለተዳፋቱ ተክል ቬቲቨር ሳርን የሚያክል አላየሁም። በጅማና በኢሉባቦር ገበሬው አፈር እንዳይሸረሸር ሲተክለው የቆየ ነው። ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ እንደ ሰርዶ ግቢውን አይወርም። ተዳፋቱን አቋርጦ በአንድ ከፍታ በሚሄድ መስመር፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እያራራቃችሁ፣ በሰኔ መጀመሪያ ትከሉት።

በሩ፣ ጉድጓዱ፣ ጎረቤቱ

መንገዱ ኮብልስቶን ሲለብስ ከፍ ብሎ ብዙ ግቢ ከመንገድ በታች ቀርቷል። እንዲህ ከሆነባችሁ ልክ ከበሩ ውስጥ አግድም ቦይ አድርጉ፣ ላዩን በብረት ፍርግርግ ሸፍኑ፣ የመንገዱ ውሃ እዚያው ተይዞ በጎን ይውጣ። መኪና የሚገባበት ተዳፋት በየ5 ሜትሩ ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ካለፈ በዝናብ ይንሸራተታል። ደረጃ ከሆነ ከፍታው 15፣ መርገጫው 30 ወይም 35፤ መርገጫው በጥቂቱ ወደ ፊት ያዘንብል፣ ውሃ እንዳይዝ። ሁሉም ደረጃ እኩል ይሁን፣ አዛውንት ያለበት ቤት አንዲት የተለየች ደረጃ ሰው ትጥላለች።

የውሃ ጉድጓድ ያላችሁ፣ አፉ ከመሬቱ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገንባ፣ ዙሪያው ወደ ውጪ ያዘንብል። መፀዳጃ ቤት ከጉድጓዱ ታች በኩል፣ 30 ሜትር ርቆ። የዝናብ ውሃ ደግሞ ወደ መፀዳጃ ጉድጓድ አታስገቡ፤ ሞልቶ የሚወጣው ግቢያችሁ ውስጥ ነው።

ሥራ ስንጀምር ታች በኩል ያሉት እናት አጥሩ ጋ መጥተው፣ «ልጄ፣ ዘንድሮ ውሃህን እኔ ላይ እንዳትለቅብኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የኛን ሳሎን ለማድረቅ የእሳቸውን ጓዳ ማርጠብ አይሆንም። «እማማ ይምጡ፣ እርስዎም ይዩት» ብዬ ሲባጎውን አሳየኋቸው፣ ውሃው በበሩ ወጥቶ ወደ መንገዱ ዲች እንደሚገባ። ዲቹም ከደለል ተጠርጎ እስከ ታች ክፍት መሆኑን ከልጆቻቸው ጋር ሄደን አየን። ውሃ ከመልቀቃችሁ በፊት ይሄን አድርጉ፣ በኋላ በሽማግሌ ከመነጋገር ይሻላል።

ድልድሉ ሲያልቅ ቶሎ ድንጋይ አታንጥፉ። ሁለት በርሜል ውሃ ግድግዳው ሥር ድፉና ተከተሉት። የቆመበት ቦታ ላይ አመድ በትኑ፣ እዚያ አፈር ይጨመር። ከዚያ አንድ ክረምት በሳር ብቻ ያሳልፉት፤ ሙሌቱ የሚሰምጠውን ያህል ይስመጥ። ግድግዳው ላይ ያሰመራችሁትን የ1 ሜትር መስመር ቀለም ስትቀቡ አታጥፉት። በኅዳር ያንኑ ቱቦ አውጥታችሁ ከዚያው መስመር እንደገና ለኩ። የእኛ ግቢ ከአንድ ክረምት በኋላ ግድግዳው ሥር 3 ሳንቲ ሜትር ሰምጦ ነበር። ሁለት ጋሪ ቀይ አፈር ጨምረን ጠቀጠቅነው፣ ኮብልስቶኑን ያነጠፍነው ከዚያ በኋላ ነው።